በረቱና ከተማይቱ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 1871 ምሽት በቺካጎ ከተማ፣ በዴኮቨን ጎዳና፣ ከኦሊሪ ቤተሰብ የከብት በረት ዘንድ እሳት ተነሣ። በሁለት ቀን ውስጥ 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 100,000 ያህሉም ቤት አልባ ሆኑ።

በረቱ ከእንጨት የተሠራ፣ ድርቆሽ የተከማቸበት ነበር። ድርቁ ከበጋው ጀምሮ የዘለቀ፣ ነፋሱም ብርቱ ነበር። የከተማይቱ ቤቶች ቀርቶ የእግረኛ መንገዶቿ እንኳ በሳንቃ የተነጠፉ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ትቶ፣ ወይዘሮ ካትሪን ኦሊሪ ሲያልቧት የነበረች ላም ፋኖስ ረግጣ ገለበጠች ሲል አወራ። አጣሪዎቹ የእሳቱን መነሻ ለይተው ማረጋገጥ አልቻሉም። ይሁን እንጂ ወይዘሮዋ እስከ ዕለተ ሞታቸው ነቀፌታውን ተሸክመው ኖሩ፤ የከተማይቱ ምክር ቤት ነጻ ያወጣቸው በ1997 ነው።

እንግዲህ የእርሻ ሕንጻ የምንመረምር ባለሙያዎች ጥያቄያችን ከእሳቱ መቅደም አለበት። ድርቆሹ ከመብራቱ፣ በረቱ ከመኖሪያው ምን ያህል ይርቃል? ውኃውስ የት ነው? ላሚቱ ረገጠችም አልረገጠችም፣ ፋኖስና ድርቆሽ በአንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ አደጋው አስቀድሞ ተሰናድቷል።