በናርጋ ሥላሴ መግቢያ የተቀረጸው ሰው ማን ነው?
በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት የምትገኘውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዘመን ያሳነጿት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በውስጧ እቴጌይቱ በማርያምና በሕፃኑ ኢየሱስ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በመግቢያዋ ደግሞ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ተቀርጿል፤ አስጎብኚዎች «ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው» ይላሉ።

ነገር ግን ብሩስ ምጽዋ የገባው በ1769 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ናርጋ በዚያን ጊዜ ታንጻ ነበር። ስለዚህ ወይ ቅርጹ ኋላ ተጨምሯል፣ ወይ ስሙ ኋላ ተለጥፏል። ላልታወቀ ፊት የታወቀ የውጭ ሰው ስም መስጠት ቀላል ነው።

በወንጌላውያን ታሪክም ይህ ዝንባሌ ይታያል። የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነሣ የእጅ ጽሑፉን በ1820 የገዙት ዊልያም ጆውትና ያሳተመው የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ይጠቀሳሉ። ቃሉን ግን በካይሮ፣ ከፈረንሳዊው አስሊን ደ ሼርቪል ጋር፣ 10 ዓመት ያህል ደክመው የተረጎሙት የጎጃሙ ተወላጅ አቡ ሩሚ ናቸው።

ሮሜ 13፥7 ለእያንዳንዱ የሚገባውን እንድንሰጥ ያዛል። የታሪክ ጸሐፊም የሚገባውን ስም ለባለቤቱ መመለስ አለበት፤ ማስረጃ በሌለበትም ስም ከመስጠት መታቀብ የእውነት አገልግሎት ነው።