ወናፉን ማን ይረግጣል?

ጠጋ ጠጋ በሉማ። የማወጋችሁ ቤት ስለሚያህል አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ከመሣሪያው በፊት ግን አንድ የተራበ ልጅ ላሳያችሁ።

ልጁ ጀርመናዊ ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ሞቱበት፤ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወት ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። በ1700 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) ሉነቡርግ ወደምትባል ከተማ ሄደና ዘማሪ ሆኖ እያገለገለ መማር ጀመረ። ዕድሜው 15 ነበር። ከሉነቡርግ እስከ ሐምቡርግ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐምቡርግ ውስጥ በቅድስት ካትሪና ቤተ ክርስቲያን ራይንከን የሚባል ዝነኛ ሰው ኦርጋን ይጫወታል። የእኛ የአብነት ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ዝናውን የሰማለትን መምህር ፍለጋ አገር ለአገር እንደሚሄደው ሁሉ፣ ይህም ልጅ ራይንከንን ለመስማት ሐምቡርግ ይመላለስ ነበር።

አንድ ቀን ሲመለስ ሳንቲሙ አለቀበት አሉ። ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ደጅ ተቀመጠ። ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ሽታ አንጀቱን ሲያላውሰው መስኮት ተከፈተና ሁለት የዓሣ ጭንቅላት ተወረወረ። ልጁ አነሣቸው። ሲከፍታቸው በያንዳንዳቸው ውስጥ አንዳንድ የዴንማርክ ወርቅ! ማን እንደጣለለት አላወቀም። ምን ያደረገበት ይመስላችኋል? ጠግቦ በላና በተረፈው እንደገና ወደ ሐምቡርግ፣ እንደገና ወደ ራይንከን።

ያ ልጅ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነው። የዓሣው ነገር ተራኪ የጨመረው ጌጥ ይሆናል፤ መመላለሱ ግን የተመሰከረ ነው። በ20 ዓመቱም ቡክስተሁደ የተባለውን ሌላ ሊቅ ፍለጋ እስከ ሉቤክ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄዷል። አለቆቹ የፈቀዱለት አራት ሳምንት ነበር፤ እሱ አራት ወር ገደማ ቆየ። ይህን ልጅ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው። ኦርጋን ስላችሁ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ የሚመጣው በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ አንድ ሰው በክንዱ ይዞት የሚሄደው ባለቁልፍ ሰሌዳ ነው። የምነግራችሁ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር አብሮ የሚተከለውን ነው። አንጥረኛ ቤት ያለውን ወናፍ አስቡ። ያ ወናፍ አድጎ፣ ተባዝቶ፣ ነፋሱን ወደ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ያስገባል። በሣጥኑ ላይ ደግሞ ዋሽንት በዋሽንት ተደርድሮ ቆሟል፤ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ወይም ከእንጨት የተሠራ፣ ትንሹ ከጣት የማይበልጥ፣ ትልቁ 10 ሜትር ገደማ የሚረዝም። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲነካ ከሥሩ ያለው በር ይከፈትና ነፋሱ በዚያ ቧንቧ ይወጣል። ሁለቱ እጆች ከላይ፣ ሁለቱ እግሮች ከታች ይጫወታሉ። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ከኋላ ተደብቀው ወናፉን በእግራቸው የሚረግጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ካቆሙ ባኽም ቢሆን ዝም ይላል።

ጥንተ ነገሩን ብትጠይቁኝ ከፈረንጅ አገር አይጀምርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን ክቴሲቢዮስ የሚባል ባለ እጅ በውኃ ግፊት ነፋስ የሚገፋ ኦርጋን ሠራ። የት? እስክንድርያ! እኛ ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለ1,600 ዓመታት ጳጳስ የተቀበልንባት ያቺው እስክንድርያ። ወደ እኛ ጵጵስናው መጣ፤ ዜማችን በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል ጸና። ኦርጋኑ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሄደ።

በሰሜን ከሠሩት ሁሉ የገነነው አርፕ ሽኒትገር ነው። በሐምቡርግ ለቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ከ1689 እስከ 1693 አንድ ኦርጋን ሠራ፦ አራት የእጅ ሰሌዳ፣ አንድ የእግር፣ 60 የድምፅ ዓይነት፣ ወደ 4,000 የሚጠጋ ቧንቧ። የዛሬው ወጋችን ባለቤት ይኸው ነው።

በ1720 የዚህ ኦርጋን ወንበር ባዶ ሆነ። ያ በእግሩ ይመላለስ የነበረው ልጅ አሁን የ35 ዓመት ሰው፣ ሚስቱን በዚያው ዓመት የቀበረ አባት ነው። ሐምቡርግ መጣ። ሽማግሌው ራይንከን ገና በሕይወት ነበርና በካትሪና ቤተ ክርስቲያን ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫወተለት። በመካከሉ የባቢሎንን ወንዞች መዝሙር አነሣ፤ ያንን ምርኮኞቹ መሰንቋቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለው የተቀመጡበትን። ያለ ጽሑፍ፣ ከልቡ እያፈለቀ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አራቀቀው። ሲጨርስ ሽማግሌው ቀረበና ይህ ጥበብ የሞተ መስሎት እንደነበረ፣ አሁን ግን በባኽ ላይ ሕያው ሆኖ እንዳየው ነገረው። ስንት ዓመት ይዞት የኖረውን ፍርሃት ነው ያወጣው!

ወንበሩን ግን ባኽ አላገኘውም። ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ያም ሰው ለቤተ ክርስቲያኑ 4,000 ማርክ ከፈለ። የቅዱስ ያዕቆብ ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም። ያን ጊዜ የነበረ ጸሐፊ እንደመሰከረው፣ ለገና በዓል ስለ መላእክቱ ዝማሬ እየሰበከ ሳለ ነገሩን እዚያ ላይ አመጣው። ከቤተ ልሔም መላእክት አንዱ እንኳ ወርዶ ኦርጋን ልጫወትላችሁ ቢል፣ ገንዘብ ካልያዘ ወደ ሰማይ ተመልሶ ከመብረር በቀር ዕድል የለውም አለ። በራሱ ምእመናን ፊት፣ በገና ቀን! እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ።

ከዚያ ዓመታት እንደ ውኃ ፈሰሱ። ኦርጋኑ ቆሟል። በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ መንግሥት ለጦር መሣሪያ ብረታ ብረት ሲለቅም ከፊት ለፊት የሚያበሩትን የቆርቆሮ ቧንቧዎች ወሰደ። መልኩ ተገፎ፣ ኋላ ቀር ተብሎ፣ አቧራ ለብሶ ቀረ።

በ1919 ሐንስ ሄኒ ያን የሚባል ወጣት ገባ። ጦርነቱን አልዋጋም ብሎ ኖርዌይ ተሰድዶ የተመለሰ ደራሲ ነው፤ ለኦርጋንም የተለየ ፍቅር አለው። ከአቧራው ሥር ያለው ምን እንደሆነ ዐወቀ። እየጮኸ፣ እየጻፈ፣ ኮንሰርት እያዘጋጀ ገንዘብ ሰበሰበና መሣሪያው ተጠገነ። በ1925 ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች በሐምቡርግና በሉቤክ ተሰብስበው ስለ አሮጌ ኦርጋኖች ሲመክሩ፣ የቅዱስ ያዕቆቡ ለብዙዎች ዓይን ገላጭ ሆነ።

ደግሞ ጦርነት። በ1942 ነገሩ ያላማራቸው ሰዎች ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ የነፋስ ሣጥኖቹንና ቅርጻ ቅርጾቹንም ጨምረው ወደ ደኅና ቦታ አሸሹ። አራት ሺሕ ቧንቧ መንቀል ቤት ከማፍረስ ይከብዳል፤ የእያንዳንዱ ቦታ ካልታወቀ ተመልሶ አይተከልም። በ1944 ቦምብ ወደቀና ቤተ ክርስቲያኑ ነደደ፤ ኦርጋኑን አቅፎ የነበረው ትልቁ የእንጨት አካልም ዐመድ ሆነ። የራይንከን ካትሪና አንድ ዓመት ቀደም ብላ ተቃጥላለች፤ ከዚያ ኦርጋን የተረፈው ጥቂት መቶ ቧንቧ ብቻ ነው። የሽኒትገር ቧንቧዎች ግን ከነነፍሳቸው ተረፉ።

ከጦርነቱ በኋላ መልሰው ተከሉት፤ ሆኖም ድምፁ ያው አልነበረም። በመጨረሻ ዩርገን አሬንድ የተባለ ኦርጋን ሠሪ ተረከበው። ከ1989 ጀምሮ እያንዳንዱን ቧንቧ በእጁ አገላብጦ፣ የጠፋውን በጥንቱ ዘዴ ሠርቶ፣ በ1993፣ ልክ በሦስት መቶኛ ዓመቱ፣ አስረከበ።

እንግዲህ እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ነው። ቧንቧ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል፣ ጦርነት እስኪያልፍ ይደበቃል። የተጫዋችን እጅ ግን ሣጥን ውስጥ አስቀምጠህ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አታወጣውም። ካስተማርከው አለ፤ ካላስተማርከው የለም። ለጥገና ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ይገኛል፤ ጥገናው ይታያል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ዓመቱን ሙሉ በብርድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እግሯን ስታለማምድ ግን ማን ያያታል? ደግሞም ኦርጋን ሳይጫወቱት ሲቀር እንደ ተዘጋ ቤት ነው፤ ቁልፎቹ ይይዛሉ፣ አቧራው ይጋገራል፣ ሻጋታ ይገባል። አንዳንዱ ጠላት ጭራሽ ከጎኑ ነው፤ ከኦክ እንጨት የሚወጣው የአሲድ ትነት የእርሳሱን ቧንቧ ቀስ እያለ ይበላዋል። በክረምት ቤቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ እንጨቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ በጊዜ የሚሰማው በየቀኑ የሚቀመጥበት ሰው ጆሮ ነው።

በ2017 ዩኔስኮ የጀርመንን የኦርጋን ሥራና ሙዚቃ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባ። ያን ጊዜ የተነገረውን ቁጥር ልንገራችሁ፦ 50,000 ያህል ኦርጋን፣ 400 ገደማ የኦርጋን ሠሪ ድርጅት፣ 2,800 ባለሙያ፣ 3,500 ያህል በሙሉ ጊዜ የሚጫወት ሰው። ደስ ይላል። በሠሪዎቹ ዘንድ ሙያውን የሚማሩት ግን 180 ያህል ነበሩ። ምእመኑ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ አብያተ ክርስቲያናት እየተዘጉ፣ መሣሪያቸው እየተነቀለ ለፖላንድና ለሌላ አገር በሚሸጥበት ዘመን ይህን ቁጥር ሳስብ ራይንከን የፈራው ፍርሃት ይገባኛል።

ታዲያ ልጅ ከየት ይምጣ? ፒያኖ በቤት ይለመዳል። ኦርጋን ግን ያለው በሌላ ሰው ደጅ ነው፤ ደጁም ከእሑድ በቀር ዝግ ነው። ለዚህ ነው እኔ ከትልልቁ ዘመቻ ሁሉ ይበልጥ ለአንድ ጎረምሳ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ አምኖ የሚሰጠውን ሰው የማከብረው። አንዳንዱ መምህር ልጁን በሌላ በር ያስገባዋል። መሣሪያው ሲቃኝ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ቃኚው ከቧንቧዎቹ መካከል ገብቶ ሲያስተካክል ሌላው ከውጭ ቁልፉን ተጭኖ ይቆያል። «ቀጥል!» ሲለው ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንድ ቀን ቁልፍ ሲይዝ የዋለ ልጅ የቧንቧዎቹን ድምፅ አንድ በአንድ ሰምቷቸዋል ማለት ነው።

ኔዘርላንዳውያን ደግሞ ያሰቡት ነገር አለ። ልጆች ራሳቸው የሚገጣጥሙት፣ ሁለት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ዶ ሁለት ጊዜ) ያህል ድምፅ ያለው ትንሽ እውነተኛ ኦርጋን ሠሩ፤ ከዚያም አሜሪካ ድረስ ተሻገረ። ክፍልፋዩ በሙሉ ሣጥን ውስጥ ተበታትኖ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። ልጆቹ ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፉታል፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያኛው የት ይገባል እያሉ ቧንቧውን በየቀዳዳው ይተክላሉ፤ አንዷ አፏ ላይ አድርጋ እንደ ዋሽንት ትነፋዋለች። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲያልቅ አንዱ ልጅ ወናፉን ይይዛል፣ አንዷ ቁልፉ ፊት ትቀመጣለች። ነፋሱ ይሞላል። የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ከወናፉ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ፦ «አሁን ደግሞ እኔ!»