ዓሣ ጎርጓሪ፤ ስለ ጦር፣ ስለ ውሃና ስለ ስድስት ቃላት

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የተነገረው የተኛ ነገር ለሚቆሰቁስ ሰው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ነው። እኛ ግን ታሪክ እናጠናለን ብለን የመጣን ነንና መጎርጎር ሥራችን ነው። ዘንዶ ቢወጣ እንኳ ምን ዓይነት ዘንዶ እንደሆነ አይተን መጻፍ አለብን።

ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነበር። አንድ ማታ ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ሻይ ስንጠጣ፣ ከመካከላችን አንዱ በሰሜን አሜሪካ በብርዱ አገር ሰዎች ዓሣ እንዴት እንደሚያጠምዱ ያነበበውን ያጫውተን ጀመር። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ሐይቁ ከላይ ድንጋይ ይሆናል። ዓሣ አዳኙ ትንሽ ጎጆ በበረዶው ላይ እየጎተተ ወስዶ ያሻው ቦታ ያቆማታል። ከዚያ በረዶውን በመጋዝ አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጥና ጎጆውን ከቀዳዳው በላይ ያደርጋል። ጎጆዋ መስኮት የላትም፤ በሯ ሲዘጋ ውስጧ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ብልኃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ብርሃን ሲጠፋ፣ በዙሪያው በረዶውን አልፎ በሚገባው ብርሃን የሐይቁ ሆድ ወለል ብሎ ይታያል። ሰውየው ከእንጨት የተቀረጸ የዓሣ ምስል በገመድ አንጠልጥሎ ያወዛውዛል። ትልቁ ዓሣ ምስሉን ሊውጥ ሲጠጋ፣ ገመድ የታሰረበትን ባለ ብዙ ጣት ከባድ ጦር ይለቅበታል። አይወረውረውም፤ ክብደቱ ራሱ ይወርዳል።

«ይሄማ የኛ ማማ ነው!» አለ የሸዋ ሮቢቱ ልጅ። ሳቅን። ነገሩ ግን እውነትነት አለው። በይፋት ቆላ ማሽላው ሲያፈራ ሰው በማማ ላይ ወጥቶ ከንጋት እስከ ምሽት ይቀመጣል። ልዩነቱ፣ እኛ ግሪሳ ለማባረር እንጮኻለን፣ ወንጭፍ እናጮኻለን፤ እነሱ ዓሣው እንዳይሸሽ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። ለመሆኑ በአገራችን በጦር ከውሃ ላይ ያደነ ማን ነው? ታሪኩንስ ማን ጻፈው?

ከይፋት እንነሳ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ተነስቶ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው፣ በአንድ ቀን ሁለት አገር አየ ማለት ነው። ከላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ ጠዋት ኩሬው ላይ ቀጭን የበረዶ ቆዳ ያገኙታል፤ ጣት ሲነካው ይሰበራል። ከታች በ1,300 ሜትር ገደማ ሮቢ ወንዝ በበጋ ተንጠባጥቦ፣ በክረምት ደግሞ ድንጋይ እያንከባለለ ወደ አዋሽ ይወርዳል። እንኳን ሰው የሚቆምበት በረዶ ሊገኝ፣ ጥላ ማግኘትም ችግር ነው። ተንቀሳቃሽ ቤት ግን ለይፋት ቆላ እንግዳ አይደለም። ወደ ምሥራቅ አፋሮች በዘንባባ ሰሌን የሚሸፍኑትን ቤት ነቅለው በግመል ጭነው ይሄዳሉ፤ የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶቹ ናቸው። ነገር ግን ያ ቤት የሚከተለው ሣርን እንጂ ዓሣን አይደለም። ከብትና ግመል የሚያረባ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዓሣን እንደ ምግብ አይቆጥረውም ነበር።

የተጻፈው ታሪክስ? ስለ ይፋት የተጻፈውን ስናገላብጥ ጦር ሞልቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት እንደጠቀለለ፣ በ1332 ደግሞ ዐፄ አምደ ጽዮን የይፋቱን ሰብረዲንን እንደወጋ እናነባለን። በቋንቋችን «ጦር» ማለት መሣሪያውም ነው፣ ሠራዊቱም ነው፣ ጦርነቱም ነው። ጸሐፊዎቻችንም ቃሉን ያነሱት በኋለኞቹ ሁለት ትርጉሞች ነው። ያው ጦር ለእራት ምን እንዳመጣ የጻፈልን የለም። ታዲያ ታሪክ የጻፈው ሰው የገደለበትን ጦር ብቻ ከሆነ፣ ሰው የኖረበት ጦር ወዴት ሄደ?

መልሱ የሚጀምረው ከመሬት ውስጥ ነው። በኦሞ ሸለቆና በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪዎች ከአጥንት የተቀረጹ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጡ የጦር ጫፎች አግኝተዋል። ዕድሜያቸው ወደ አሥር ሺህ ዓመት የሚጠጋ አለ። ጥርሱ የተሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዓሣ ያንሸራትታል፣ የተወጋውም ተወራጭቶ ይወጣል፤ ጥርሱ ግን አንዴ ከገባ አይለቅም። በዚያ ዘመን ዝናቡ ብዙ ነበር፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ሞልተው ነበር። አዋሽ የሚያልቅበት የአፋሩ አቤ ሐይቅ እንኳ ከዛሬው እጅግ የሰፋ ነበር። ዛሬ አቧራ የሚነሳበት ቆላ ትናንት የዓሣ አገር ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አጥንት አይናገርም። የሚናገር ምስክር ፈልገን ወደ ጣና ወጣን። እዚያ ያገኘናቸው ወይጦዎችን ነው።

ወይጦዎች በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ እየሠሩ፣ በዚያች ሁለት ክንድ በማትሞላ ቀጭን ነገር ላይ ሆነው ጉማሬ በጦር ሲያድኑ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። እስቲ አስቡት! የበረዶው ሰው ቢያንስ የቆመበት ጽኑ ነው። ወይጦው ግን የቆመው በሣር ላይ ነው፤ ሣሩም ውሃ እየጠጣ የሚከብድ ነው፤ የሚወጋው ደግሞ ታንኳውን በአንድ ንክሻ ለሁለት የሚከፍል እንስሳ ነው። ለዚህ ጀግንነት ግን ማን ፎከረ? አንበሳ የገደለ ጎፈር ደረበ፤ ጉማሬ የገደለ ወይጦ ግን «ርኩስ» ተባለ። ቆዳው አለንጋ ሆኖ ከባላባት እጅ ሲገባ ርኩስ አልነበረም፤ ሥጋው ወይጦው ድስት ውስጥ ሲገባ ነው የረከሰው። ክርስቲያኑ ሸሻቸው፤ እነሱ ራሳቸው እስላም ሲሆኑ እስላሙም ጉማሬ ትበላላችሁ ብሎ ራቃቸው። ከመካከላችን የጣና ዳር ልጅ አለ፤ ልጅ ሳለ ከእነሱ ቤት ውሃ እንዳይጠጣ ይነገረው እንደነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። ያን ማታ ማንም አልሳቀም።

አሁን ዘንዶው ይወጣል። በ1770 አካባቢ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጣና አካባቢ ሲያልፍ፣ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጻፈ። ቋንቋውን ለማወቅ ፈልጎ በንጉሡ ትእዛዝ ሁለት ወይጦዎች አስመጣ። ሰዎቹ ለጥያቄው መልስ አልሰጡም፤ ትሰቀላላችሁ ተብለው ሲያስፈራሯቸው እንኳ አልተናገሩም። ብሩስ ምንም ሳያገኝ ቀረ። እኛ ይህን ስናነብ ያሰብነው ስለ ብሩስ አልነበረም። ከሐይቅ ዳር ተይዘው ቤተ መንግሥት የቆሙት እነዚያ ሁለት ሰዎች ምን መስሏቸው ይሆን? ገመድ እያሳዩ «ቋንቋህን ንገረኝ» የሚል ሰው ፊት ዝም ከማለት ሌላ ምን አላቸው?

ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በ1907 ጀርመናዊው ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ ስለ ወይጦዎች ሲጽፍ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ሲመጣ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ዘፈን ዘፈነለት። ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን አያውቀውም፤ የሚያውቃቸው የጉማሬን ብልቶች የሚጠሩትን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ግሪዮል የሰበሰባቸውን ቃላት በኋላ ማርሴል ኮኽን በ1939 መረመራቸው። ከአማርኛ፣ ከዐረብኛና ከሌሎች የታወቁ ቋንቋዎች የመጡትን ለይቶ ሲያወጣ ምንጫቸው ያልታወቀ ስድስት ቃላት ብቻ ቀሩ፤ እነሱም የዓሣ ቅርፊት፣ ክንፍ፣ ትንኝ፣ ትከሻ፣ የጉማሬ ጭንና የጉማሬ አከርካሪ ናቸው።

ወገኖቻችን፣ ይህን ዝርዝር ደግማችሁ አንብቡት። አንድ ቋንቋ ሲሞት የመጨረሻ ትንፋሹን ያወጣው ሥራው ላይ ነው። የእናት ስም ሄደ፣ የፍቅር ቃል ሄደ፤ ሥጋ ሲከፋፈል የሚጠራው የጉማሬ ጭንና አከርካሪ ግን ቀረ። ጦሩ እስከሠራ ድረስ ቃሉ ኖረ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጉማሬው እየተመናመነ፣ አደኑም በሕግ እየተከለከለ ሲመጣ ጦሩም ተሰቀለ። በ1979 አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት ስለ ወይጦዎች በጻፈው ጥናት ከአዳኝነት ወደ ገበሬነት መለወጣቸውን ዋና ነገር አድርጎ አቅርቧል። ዛሬ ታንኳና የደንገል ዕቃ እየሠሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖራሉ።

ሐይቁም ዝም ብሎ አልጠበቃቸውም። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ገባ። ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ አፍ ይጎርፋል፤ መረቡም እዚያው ላይ ተዘረጋለት። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የዚህ ወገን ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። የድሮውን ሁሉ እናሞጋግስ ማለታችን አይደለም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተንም የአባቶች ዘዴ ነው፤ ትንሽ ትልቅ ሳይል ዓሣውን ሁሉ ያሰክራል። ጦር ግን አንድ በአንድ ነው፤ ዓይን ያያል፣ እጅ ይመርጣል።

ከበረዶው አገርም አንድ ነገር እንዋስ። በዊስኮንሲን የሚኖሩት ኦጂብዌ የተባሉት ነባር ሕዝቦች በበረዶ ቀዳዳም በጸደይ ሌሊትም ዓሣ በጦር ሲወጉ የኖሩ ናቸው። በ1837 እና በ1842 መሬታቸውን በውል ሲለቁ ማደንና ማጥመድ ግን አይቅርብን ብለው ነበር። ውሉ ተረሳ፤ ለብዙ ዘመን በገዛ ውሃቸው እንደ ሌባ ሲታሰሩ ኖሩ። በ1983 ፍርድ ቤት መብታቸው የጸና መሆኑን ወሰነ። ወደ ውሃው ሲመለሱ ሌሎች ሰዎች ዳር ቆመው ድንጋይ ወረወሩባቸው፣ ሰደቧቸው። እነሱ ግን ጦራቸውን አልጣሉም። ያተረፋቸው አንዱ ነገር ውላቸው በወረቀት ላይ መኖሩ ነው።

የኛዎቹ ወረቀት የላቸውም። ያላቸው ስድስት ቃልና የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንዘጋው በጥያቄ ሳይሆን በሥራ ነው። መጪው ዕረፍት ሲደርስ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። የጣና ልጅ ታንኳ ሠሪው ዘንድ ይቀመጥ፤ ውሃ ቢሰጡት ይጠጣ። የሸዋ ሮቢት ልጅ የማማውን፣ የወንጭፉን፣ የሮቢ ወንዝን ኩሬዎች ስም ከሽማግሌ ይጠይቅ። የአፋር ጎረቤት ያለው የዚያች በግመል የምትጫን ቤት እንጨቶች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚባሉ ከሴቶቹ ይጻፍ። ግን ገመድ ይዘን አንሂድ፤ እርሳስ ይዘን እንሂድ። አንናገርም ካሉንም መብታቸው ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በብሩስ ፊት ዝም ያሉበትን ምክንያት አሁን እናውቃለን።