ለውሻ የሚታሰር የጂፒኤስ መከታተያ
ናይሎን፣ ፕላስቲክ፣ ባትሪ

ክብደቱ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ተመራማሪዎች ማሰሪያው ከእንስሳው ክብደት 3 በመቶ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ ለ15 ኪሎ የገጠር ውሻ ከ450 ግራም በታች መሆኑ ነው። በየ15 ደቂቃው ቦታ እንዲመዘግብ ከታዘዘ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በየሰዓቱ ከሆነ ይቆያል፤ ግን ውሻው በመሃል ደርሶ የተመለሰበት ቦታ ሳይታወቅ ይቀራል። ለአጭር ጥናት ክብደቱ ቀላል የሆነው ማሰሪያ ይሻላል እንላለን። ሲታሰር ሁለት ጣት ማስገባት አለበት፤ ከጠበቀ ያቆስላል፣ ከላላ ይወልቃል።

በባሌ ተራሮች የእረኛ ውሻ የት እንደሚውል ማወቅ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ከብት ተከትሎ የወጣ ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተራሮቹ ውስጥ ባለው የዌብ ሸለቆ የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በዙሪያው ባሉ መንደሮች ውሾች የሚከተቡትም ለዚህ ነው።