የአካል ጉዳተኞች የፓርኪንግ ፈቃድ እና አላግባብ አጠቃቀሙ

የአካል ጉዳተኞች የፓርኪንግ ፈቃድ መራመድ ለሚቸግረው ሰው ለበር በቀረበ፣ ሰፋ ባለ ቦታ መኪና እንዲቆምለት የሚሰጥ ካርድ ነው። ፈቃዱ የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም፤ በራሱም ሆነ በዘመድ መኪና ሲሄድ ይጠቀምበታል። የማጭበርበሪያው ቀዳዳም ይኸው ነው፤ ባለካርዱ ቤት ተቀምጦ ልጁ ካርዱን ስፖኪዮው ላይ አንጠልጥሎ ገበያ ይወጣል።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣችው ሕግ መሠረት በ1971 ብርቱካናማ ካርድ ማደል ጀመረች፤ ካርዱ በ2000 ሰማያዊ ሆነ። በእጅ የሚሞላው ወረቀት ለመቅዳት ቀላል ስለነበር በ2012 ሆሎግራም ባለው የፕላስቲክ ካርድ ተተካ። የ2013ቱ ሕግ ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ያለ ፖሊስ አጀብ ካርድ እንዲይዙ ፈቀደ።

በአሜሪካ የችግሩ ሥር ገንዘብ ነው። በካሊፎርኒያ ባለካርድ የመንገድ ፓርኪንግ አይከፍልም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች በሐሰተኛ የሐኪም ማስረጃ ካርድ አውጥተው ተከሰዋል። በ2017 የግዛቲቱ ኦዲተር ካርዶቹን ሲያጣራ ዕድሜያቸው 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ 26,000 ገደማ ባለካርዶች አገኘ፤ በግዛቲቱ የሚኖሩት የዚህ ዕድሜ ሰዎች ግን 8,000 ያህል ብቻ ነበሩ። ከሙታን መዝገብ ጋር የማመሳከር ግዴታ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሚሺጋን ግን ጥቅሙን ራሱን ቀነሰች፤ ከ1995 ጀምሮ ከክፍያ ነፃ የሚሆነው ሳንቲም ማስገባት ወይም ማሽኑ ድረስ መድረስ የማይችል ሰው ብቻ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን ባለካርዶች ለዚህ የበቁት 10,000 ያህል ነበሩ። ከቅጣት ይልቅ ይህ መንገድ ሳያዋጣ አይቀርም፤ ነፃ ቦታ ከሌለ ካርዱን የሚዋስ ጤነኛ አይኖርም።

በዓይን ብቻ መፍረድ ግን አደገኛ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ከውጭ የማይታይ ጉዳት ላለባቸውም ፈቃዱን ትሰጣለች፤ ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ የታየ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም።

ከፓርኪንግ ቦታው ጎን በሰያፍ መስመር የተቀባው ክፍት ቦታም የፈቃዱ አካል ነው። በአሜሪካ መለኪያ ቢያንስ 1.5 ሜትር ነው፤ «ለአፍታ ነው» ተብሎ ሞተር ብስክሌት ከቆመበት ዊልቸሩ ከመኪናው አይወርድም። ክፍት ቦታው በየት በኩል ይሁን የሚለው እንደ አገሩ መኪና ይለያያል። ኮድቡር የተባለውን ክፍለ ከተማ ጨምሮ በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ በቀኝ መስመር ቢነዳም የብዙው መኪና መሪ በቀኝ ነው። መኪናው ቀኝ ጥግ ሲይዝ ሾፌሩ ወደ እግረኛው መንገድ ሲወርድ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ግን በሩን የሚከፍተው ወደሚተላለፉት መኪኖች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ የከተማዋ ድብደባና ከተቀበሩት ፈንጂዎች ወዲህ እግራቸውን ያጡ በበዙባት ሐርጌሳ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዟል። ከፓርኪንግ ፈቃድ ጋር የሚመሳሰለው ግን ለአካል ጉዳተኞች ከቀረጥ ነፃ የሚገባው መኪና ነው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ማስተላለፍ በጉምሩክ ሕግ ተከልክሏል።