አባትና ልጅ በጎንደር ታሪክ፦ ከወህኒ አምባ እስከ ጎጆ መውጫ

የጎንደርን የፋሲል ግቢ የጎበኘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። 900 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 በሮች ባሉት የድንጋይ ቅጥር ውስጥ የሚገኘው የአንድ ንጉሥ ቤት ብቻ አይደለም። ከተማዪቱን በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩት ዐፄ ፋሲለደስ ያሳነጹት ግንብ ከሁሉ ልቆ ይታያል። በዙሪያውም የልጃቸው የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዐፄ ዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የዐፄ በካፋ ረጅም አዳራሽና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ይገኛሉ። ተከታዩ ትውልድ የፊተኛውን ሥራ አላፈረሰም፤ በአባቱ ቤትም ተጠልሎ ብቻ አልቀረም። በአንዱ ቅጥር ውስጥ የራሱን ቤት ሠራ።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ነገሥታት ሌላም ቤት ነበራቸው። ይኸውም በበጌምድር ምድር የሚገኘው ገደላማው ወህኒ አምባ ነው። ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ የምንለው ከዚሁ አምባ ስም በመነሣት እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ይታሰሩ የነበሩት ወንበዴዎች አልነበሩም፤ የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ነበሩ። በአንድ በኩል ልጅ ከአባቱ ጎን ቤት የሚሠራበት ግቢ፣ በሌላ በኩል ልጅ ከአባቱ ዙፋን እንዲርቅ የሚታሰርበት አምባ መኖሩ በትውልዶች መካከል ስላለው ፍትሕ ብዙ ያስተምራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ መመርመር ነው።

የጎንደር ዘመን የተከፈተው አባት ለልጁ ሥልጣን በመልቀቁ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው የተነሣው ጦርነት አገሪቱን አደማ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ የላስታ ዐማፅያን በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ሲያልቁ፣ የወደቁት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን ለንጉሡ ከነገሯቸው አንዱ ልጃቸው ፋሲለደስ እንደ ነበሩ ይተረካል። ሱስንዮስም የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው አስረከቡ። ልጅ እውነቱን ለመናገር ደፈረ፤ አባትም ለመስማት አልዘገየም ባይባል እንኳ በመጨረሻው ሰማ።

የሚያሳዝነው ግን ፋሲለደስ ራሳቸው በእርጅናቸው ዘመን ልጃቸው ዳዊት ሲያምፅባቸው የወሰዱት እርምጃ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት የጠፋውን የግሸን አምባን ልማድ በማደስ ልጃቸውን ወደ ወህኒ ሰደዱ። ልማዱ በእኛ አገር ብቻ የታየ አልነበረም፤ በዚያው መቶ ዓመት የኦቶማን ቱርክ ሱልጣኖችም ወንድሞቻቸውን በቤተ መንግሥት ውስጥ ያግዙ ነበር። የአምባው ወሬ እስከ አውሮፓ ደርሶ፣ በሱስንዮስ ዘመን እዚህ የነበረውን የኢየሱሳዊውን የሎቦን መጽሐፍ የተረጎመው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን ልቦለድ ለማሳተም አበቃው። ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል። በጆንሰን ድርሰት ውስጥ የታገደው ልዑል የሚኖረው በተድላ ሸለቆ ነው። የወህኒው ልዑል ኑሮ ግን ከዚህ የራቀ ነበር።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ቀዳማዊ ኢያሱ በ1674 ዓ.ም. እንደ ነገሡ ወደ አምባው ሄደው ዘመዶቻቸውን ባስወረዱ ጊዜ በቡትቶ ተጠቅልለው አገኟቸው፤ ለቀለባቸው የተመደበውን ገቢ ሹማምንቱ ይበሉት ነበርና። ንጉሡም አለበሷቸው፤ ገቢያቸውንም አስተካከሉላቸው። አምባውን ግን አልዘጉትም። የቸርነትና የፍትሕ ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል፤ ቸርነት እስረኛውን ያለብሳል፣ ፍትሕ ግን ስለ ምን እንደ ታሰረ ይጠይቃል።

የኢያሱ ፍጻሜ ከዚህ የከፋ ሆነ። በ1698 ዓ.ም. ንጉሡ ኀዘን ላይ ሆነው ወደ ጣና በራቁ ጊዜ መኳንንቱ ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ብዙም ሳይቈይ አባት በሐይቁ ደሴት ላይ በልጃቸው ወገኖች ተገደሉ። ታሪክ «ርጉም» ብሎ የሰየመው ይህ ንጉሥም በ1700 ዓ.ም. በተራው ተገደለ። ከወህኒ የወጡት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነግሠው የወንድማቸውን ገዳዮች ቀጡ። በ1761 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ዕድሜያቸውን በእስር የፈጁትን ሽማግሌ ዮሐንስን ከአምባው አውርደው አነገሡ። እኒህም በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሞቱ ዘውዱ በ15 ዓመቱ ልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ላይ ተጫነ። አዛውንቱ የመሥራት ዘመኑ ካለፈ በኋላ፣ ልጁ ደግሞ ከመብሰሉ በፊት ነገሡ። ባልና ልጇን ቀብራ የልጅ ልጇንም ሞት ያየችው እቴጌ ምንትዋብ የዚህ ሁሉ ምስክር ነበረች። ለዘመነ መሳፍንት መምጣት ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም ወራሹን ሳያሠለጥን በሚያስር ቤት ውስጥ ሥልጣን ወደ እንደራሴዎች እጅ መግባቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከቤተ መንግሥቱ ወጥተን ወደ ወገራ፣ ወደ ደንቢያና ወደ ስሜን ገበሬ ቤት ስንገባ ሌላ ደንብ እናገኛለን። ወጣቱ ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ወላጆቹም እንደ አቅማቸው በሬ፣ ላም፣ እህል፣ የሚያርሰውንም ማሳ ይሰጡታል፤ ይህም ጎጆ መውጫ ነው። እርሱ ደግሞ በበኩሉ የወላጆቹ ጧሪና ቀባሪ ይሆናል። ያልተጻፈው ውል እነሆ፦ አባት በሕይወቱ ሳለ ያካፍላል፤ ልጅም አባቱ በደከመ ጊዜ ይጦራል። ከሁለት አንዱ ውሉን ቢያፈርስ የአገር ሽማግሌ ይጠይቀዋል።

ይህን ስንል ግን የገጠሩን ኑሮ ያለ ነቀፋ ለማሳየት አይደለም። በጎንደርና በጎጃም ደጋ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠር ነበር። ሴት ልጅም የመጠየቅ መብት ነበራት። የበኵር ልጅ ብቻ የሚወርስበት ደንብ አልነበረም። ሆኖም የትውልድ ሐረግ የሚቈጥረው፣ ድርሻም የሚያመለክተው አዛውንቱ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ርስቱን ለማግኘት ወይ ደጅ መጥናት ወይ መሟገት ግድ ይሆንበት ነበር። ሐረግ ማወቅ ራሱ ሥልጣን ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 31 ይህን የሐረግ ሙግት ሻረው። መሬትም በገበሬ ማኅበራት አማካይነት ተደለደለ። ነገር ግን ድልድሉ ካበቃ በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው እንደ ገና ጠባቂ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው ድልድል መሬት አልባ የነበሩ ብዙ ወጣቶች ማሳ ሲያገኙ፣ በቀድሞዎቹ ሥርዓቶች ሹመት ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች ይዞታ ተቀነሰ። ለአንዱ ፍትሕ የሆነው ለሌላው ቅጣት ሆኖ ታየ። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለአዛውንቱ ዋስትና ሰጥቷል፤ አዲስ መሬት ግን አልፈጠረም። በዚህም የተነሣ በሬና ጉልበት ያለው ወጣት፣ ጉልበት የከዳውን አዛውንት ወይም የባሏን የሞተባትን ሴት ማሳ በእኩል ሲያርስ ይገኛል። ይህ ግንኙነት ብዝበዛ የሚሆነው ወይም መተጋገዝ የሚሆነው በውሉ ነው፤ ማን ዘር እንዳወጣ፣ ማን እንደ ደከመ፣ ምርቱም እንዴት እንደ ተካፈለ መታየት አለበት።

ለመምህራንና ለከያንያን ሦስተኛ ምሳሌ እንጨምር። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በዓታ፣ በዕውቀቱ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ዝቅ ላለው ያስቀጽላል። የተመሰከረለትም በሌላ ደብር የራሱን ወንበር ይዘረጋል። በዚህ ቤት የመምህሩ ክብር የሚለካው ስንቱን በሥሩ እንዳስቀረ ሳይሆን ስንቱን ለወንበር እንዳበቃ ነው። የሚካፈለው ዕውቀት ስለ ሆነ ሲሰጥ አይጎድልም። መሬትና ሥልጣን ግን ሲሰጡ ይጎድላሉ። ስለዚህ በእነርሱ ረገድ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው የታወቀ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል ያስፈልጋል።

የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው የአንድ ትውልድ ሥራ አልነበረም። ወህኒ አምባ ደግሞ ከስሙ በቀር ለቋንቋችን ያተረፈለት ነገር የለም። በየማኅበሩ፣ በየትምህርት ቤቱና በየኪነት ቡድኑ በኃላፊነት የተቀመጥን ሁሉ፣ ተተኪው ዛሬ በእጁ የሚሠራበት ስፍራ አግኝቷል ወይስ ተራህን ጠብቅ ተብሎ ብቻ ተሰናብቷል ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል። ወጣቱም ጎጆ መውጫውን በተቀበለበት እጅ የመጦር ግዴታውን መቀበሉን አይርሳ።