የቫልቭ ጊዜ ቅንብር፦ የካምሻፍት ታይሚንግ ምንነትና አሠራር

በጋራዥ ቋንቋ «ታይሚንግ» የሚባለው፣ እዚህ «የቫልቭ ጊዜ ቅንብር» የተሰኘው፣ ቫልቮች ፒስተኑ ካለበት ቦታ ጋር ተጣጥመው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ካምሻፍቱን ከክራንክሻፍቱ ጋር አዛምዶ ማሰር ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ዙር ይዞራል። ዝምድናው በአንድ ጥርስ እንኳ ከተዛባ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ሲብስም ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

በከፋ ዞን፣ ዋጫም ሆነ ቦንጋ፣ ይህን ቅንብር በቀላል መልኩ፣ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባለ አራት ምቱ ባጃጅ አለ። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ካምሻፍት፣ አንድ ሰንሰለት ስላለው ቅንብሩ ምልክትን ከምልክት ከማጋጠም አያልፍም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እስከ ዛሬ የሚታየው አሮጌው ቮልስዋገን ደግሞ ሰንሰለት የለውም። የካምሻፍቱ ጥርስ በቀጥታ ከክራንክሻፍቱ ጥርስ ጋር ይነካከሳል፤ በካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለው አንድ ነጥብ በክራንክሻፍቱ ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ከገባ ሥራው አለቀ።

የቮልስዋገን የቅርብ ዘመድ የሆነው የስፖርት መኪና፣ ፖርሽ 911፣ ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነው። በ1963 በፍራንክፈርት ለዕይታ የቀረበው ይህ መኪና እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ተሠርቷል። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ ይተኛሉ፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ካምሻፍትና ሰንሰለት አለው። ስለዚህ ቅንብሩ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይሠራል።

መጀመሪያ በክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ ያለው ዜድ 1 የተባለ ምልክት ከሞተሩ አካል መጋጠሚያ መስመር ጋር ይገጥማል፤ የሁለቱም ካምሻፍቶች ምልክት ወደ ላይ ይዞራል። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው። ትክክለኛው ልክ የሚገኘው በመለካት ነው፦ የአንደኛው ሲሊንደር ማስገቢያ ቫልቭ ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር ይደረግና ዳያል ጌጅ የተባለው ባለ መርፌ መለኪያ በቫልቩ ላይ ይቆማል። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ክራንክሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር፣ ማስወጫው ቫልቭ ሊዘጋ ማስገቢያው ሊከፈት የሚገናኙበት ቅጽበት ይደርሳል። በዚያች ነጥብ ማስገቢያው ቫልቭ የሚወርድበት መጠን ይነበባል። ለ3.2 ሊትሩ ካሬራ ልኩ ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሌሎቹ ሞዴሎች የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው የአንዱን ለሌላው መዋስ ስህተት ነው።

ንባቡ ከልኩ ውጭ ከሆነ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ጎማ ከካምሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ፒን ይወጣል፤ ካምሻፍቱ በጥቂቱ ይዞርና ፒኑ በሌላ ቀዳዳ ይመለሳል። በሁለቱ ቁራጮች ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ስለሚለያይ በአንድ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ረቂቅ ማስተካከያ የሚቻለው በዚህ ብልሃት ነው፤ የሠሪዎቹ ጥበብም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቀጥሎ ይኸው ሥራ በአራተኛው ሲሊንደር በኩል ይደገማል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞርና ልኩን ዳግም ማንበብ ግዴታ ነው። መንገድ ላይ የሚይዝ ነገር ከተሰማ በጉልበት መግፋት ቫልቭ ያጣምማል፤ ቆሞ ከመነሻው ምልክት እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።